ወባን ከዓለም ለማጥፋት የታቀደው ሥራና ሳይመዘኑ የቀሩት ሥጋቶች (1955–1969)

አንድ የሕዝብ ድርጅት ሥራ ሲያቅድ ሁለት ነገር መጻፍ ይገባዋል፤ አንደኛው ሊደርስበት ያሰበው ግብ ነው፤ ሁለተኛው ወደ ግቡ ሲሄድ በመንገድ ላይ ሊያሰናክለው የሚችለው ነገር ነው። የመጀመሪያው ብዙውን ጊዜ በሰፊው ይጻፋል። ሁለተኛው ግን ወይ ጨርሶ ይረሳል፥ ወይ ከመጨረሻው ገጽ ላይ በሁለት መስመር ታልፎ ይቀራል። ይህ ልማድ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለማየት፥ የዓለም ጤና ድርጅት በ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በ1969 ዓ.ም. መልሶ ያረመውን፥ ወባን ከምድር ላይ ፈጽሞ የማጥፋት ዕቅድ መመርመር ይበቃል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ስለዚህ ዕቅድ መሰናከል ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክንያት አንድ ነው፤ «ትንኟ ዲዲቲን ለመደች» ይባላል። ይህ አባባል ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ነገሩን አያስረዳም። ትንኟ ዲዲቲን ልትለምድ እንደምትችል የድርጅቱ ሊቃውንት ዕቅዱ ከመጽደቁ በፊት ያውቁ ነበር፤ እንዲያውም ከሥጋቶቹ ሁሉ በሚገባ የመዘኑት ይህንኑ አንዱን ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ድርጅቱን የጎዳው ያላወቀው ሥጋት አይደለም፤ ያወቀውን አንድ ሥጋት ብቻ እየተመለከተ ስለ ቸኰለ ሌሎቹን ሳይመዝን መቅረቱ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ለመጀመር፥ ዲዲቲ የተባለው መድኃኒት ነፍሳትን የመግደል ኀይል እንዳለው የስዊሱ ኬሚስት ፓውል ሙለር ያረጋገጠው በ1939 ነው፤ ስለዚህም ሥራው በ1948 የኖቤልን ሽልማት ተቀበለ። ከዚያ በፊት ወባን ለመከላከል ረግረግ ማድረቅ፥ በውሃ ላይ ዘይት ማፍሰስ፥ ኪኒን ማደልና አጎበር መዘርጋት ያስፈልግ ነበር፤ ይህ ሁሉ ገንዘብና ዘመን የሚፈጅ፥ ከቦታ ቦታም የሚለያይ ሥራ ነው። ዲዲቲ ግን በቤት ግድግዳ ላይ በአንድ ካሬ ሜትር 2 ግራም ያህል ቢረጭ ስድስት ወር ያህል ኀይሉን ሳያጣ ይቆያል። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ሰውነቷ ስለሚከብዳት በቅርብ ካለ ግድግዳ ላይ ታርፋለች፤ ያን ጊዜ መርዙ በእግሯ በኩል ይገባና ይገድላታል።

የእንግሊዙ ሊቅ ጆርጅ ማክዶናልድ በ1950ዎቹ ይህን በሒሳብ አስረዳ። የወባ ተውሳክ ከትንኟ ሆድ ገብቶ ለሌላ ሰው ለመተላለፍ እስኪደርስ ድረስ ዐሥር ቀን ወይም ከዚያ በላይ ያስፈልገዋል፤ እንግዲህ ትንኞችን ሁሉ መግደል የግድ አይደለም፥ ዕድሜያቸው ከዚያ እንዲያጥር ማድረግ ይበቃል። ሒሳቡ የተዋበ ነው፤ ዛሬም አልፈረሰም። ነገር ግን ይህን ሒሳብ ወደ ሥራ ሲለውጡት ሦስት ያልተጻፉ ነገሮች አብረው ገቡ፤ ትንኟ በቤት ውስጥ ታርፋለች፥ ቤቱ የሚረጭ ግድግዳ አለው፥ ረጪውም በጊዜው በየቤቱ ይደርሳል የሚሉ ናቸው።

ሌላው ለዕቅዱ ልብ የሰጠው ነገር ቀደም ብሎ የተገኘው ድል ነው። የአፍሪካ ትንኝ የሆነችው አኖፊለስ ጋምቢዬ በ1930 ባሕር ተሻግራ በብራዚል ታየች፤ በ1938ም ብርቱ ወረርሽኝ አስነሣች። የሮክፌለር ድርጅት ሐኪም የነበረው ፍሬድ ሶፐር ከብራዚል መንግሥት ጋር ሆኖ፥ እንደ ጦር ሠራዊት የተደራጁ ሠራተኞችን አሰማርቶ፥ በ1940 ትንኟን ከአገሩ ጨርሶ አጠፋት፤ ይህም ዲዲቲ በሥራ ላይ ሳይውል ነው። በ1945ም በግብፅ እንዲሁ ሆነ። ከዚህ በኋላ «ማጥፋት» የሚለው ቃል በሊቃውንቱ ዘንድ እንደ ሕልም መቈጠሩ ቀረ። ሆኖም በብራዚልና በግብፅ የጠፋችው ትንኝ እንግዳ ነበረች፤ ከአገሯ ወጥታ፥ ሥር ሳትሰድ የተያዘች ናት። እንግዳን ማስወጣት ባለ አገርን ከማስወጣት ጋር አንድ አይደለም። በ1946 በሰርዲኒያ ደሴት የተጀመረው ሙከራ ይህንኑ አሳይቶ ነበር፤ በ1950 ሥራው ሲያበቃ ወባው ከደሴቱ ጠፍቷል፥ ባለ አገሯ ትንኝ ግን አልጠፋችም። ከዚህ ሁለት ትምህርት መውሰድ ይቻል ነበር። ድርጅቱ አንዱን ብቻ ወሰደ፤ ትንኟ ሳትጠፋም ወባን ማጥፋት ይቻላል አለ። ሁለተኛውን፥ ማለትም ትንኟ እስካለች ድረስ ወባው ተመልሶ ሊመጣ ይችላልና ጠባቂ ያስፈልጋል የሚለውን፥ በጽሑፍ ቢቀበለውም በበጀቱ ውስጥ አላስገባውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ1951 በግሪክ አገር አንዲት የወባ ትንኝ ዲዲቲን መልመዷ ተገለጸ። የቤት ዝንቦች ከዚያ በፊት መልመዳቸው ታውቆ ስለ ነበር ነገሩ ሐኪሞቹን ብዙ አላስገረማቸውም፤ ግን አስደነገጣቸው። በግሪክ ርጭት ባቆሙባቸው ቦታዎች ግን ትንኟ ብትመለስም ወባው አልተመለሰም፤ በሰዎቹ ደም ውስጥ የነበረው ተውሳክ ዐልቆ ነበርና። ከሁለቱ ነገሮች የተወለደው ክርክር ይህ ነው፤ መድኃኒቱ ጥቂት ዓመታት ያገለግላል፥ ከዚያም ትንኟ ትለምደዋለች፤ እንግዲያውስ ከመልመዷ በፊት በአራት ዓመት ብርቱ ርጭት መተላለፉን አቋርጠን፥ ሦስት ዓመት ጠብቀን፥ ሥራውን እንዝጋ። ቀስ ብሎ መሥራት አይቻልም፤ የሚዘገይ ሰው መድኃኒቱን ያጣል። ይህ ክርክር በ1954 በሳንቲያጎ በተሰበሰበው የአሜሪካ አህጉር የጤና ጉባኤ ተቀባይነት አገኘ፤ በግንቦት 1955 ደግሞ በሜክሲኮ ከተማ የተሰበሰበው 8ኛው የዓለም ጤና ጉባኤ ለመላው ዓለም አጸደቀው። የድርጅቱ ዋና ዲሬክተር ብራዚላዊው ማርኮሊኖ ካንዳው ነበሩ።

አንባቢ እዚህ ላይ ትንሽ ቢቆም መልካም ነው። በዕቅድ ሥራ ውስጥ ሥጋት ሲገኝ ሁለት ዓይነት መልስ ሊሰጠው ይቻላል። አንደኛው፥ ሥጋቱ ቢደርስ የሚተካ ሁለተኛ መንገድ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው፥ ሥጋቱ ሳይደርስ ሮጦ ማምለጥ ነው። ድርጅቱ ሁለተኛውን መረጠ። መሮጥ ደግሞ የራሱ ሥጋት አለው፤ የሚሮጥ ሰው ምግቡንና ልብሱን ይዞ አይሮጥም። ጥናት ቀርቶ ርጭት ብቻ ሆነ፤ ሊጠፋ ቀኑ የተቈረጠለትን በሽታ ማን ያጠናል ስለ ተባለ፥ ወደ ወባ ጥናት የሚገባ ወጣት ሐኪም እያነሰ፥ ለአዲስ መድኃኒት ፍለጋ የሚሰጠውም ገንዘብ እየቀነሰ ሄደ። ዲዲቲ ቢደክም የሚተካው ነገር በበቂ አልተዘጋጀም። በ1958 በኤል ሳልቫዶር ትንኟ ዲዲቲን መልመዷ ሲታወቅ፥ ምክንያቱ የወባ ርጭት ብቻ አልነበረም፤ ገበሬዎች በጥጥ እርሻ ላይ የሚረጩት የነፍሳት መርዝ ትንኟን አስቀድሞ አስተምሯት ነበር። የጤና ድርጅት የቤቱን ግድግዳ ያዛል እንጂ የጥጥ እርሻውን አያዝም። ሩጫው የታቀደው ግን መድኃኒቱ በድርጅቱ እጅ ብቻ እንዳለ ሆኖ ነው።

በዚያው ጊዜ ሁለተኛው መሣሪያ የነበረው ክሎሮኪን የተባለው ኪኒን ደግሞ መድከም ጀመረ። በ1950ዎቹ መጨረሻና በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኮሎምቢያና በታይላንድና በካምቦዲያ ወሰን በዚህ ኪኒን የማይሞት ተውሳክ ተገኘ። ወባ ከሰው በቀር ሌላ መሸሸጊያ የለውም የሚለውም እምነት ቢሆን ፈጽሞ የጠራ አልነበረም፤ በ1965 በማላያ ጫካ የሠራ አንድ አሜሪካዊ የጦጣ ወባ ይዞት ተገኘ። ይህ ሁለተኛው ለዕቅዱ ያን ጊዜ ብዙ ጉዳት አላመጣም። የሚገርመው ግን ሶፐር ራሱ በ1930ዎቹ በብራዚል ቢጫ ወባን ሊያጠፋ ሲሞክር በሽታው በጫካ ጦጣዎች ውስጥ ተሸሽጎ አግኝቶት ዕቅዱ በዚያ የተሰናከለበት ሰው መሆኑ ነው።

የዕቅዱ ስም «የዓለም» ነበር፤ ዓለም ግን አልነበረበትም። ከሰሐራ በታች ያለው የአፍሪካ ክፍል፥ ከሌላው ዓለም ሁሉ ይልቅ ወባ የበዛበት አገር፥ ከጥቂት አገሮች በቀር ከዕቅዱ ውጭ ቀረ። ከነዚህ ጥቂቶች ውስጥ ኢትዮጵያ፥ ደቡብ አፍሪካና ደቡብ ሮዴዢያ ነበሩ። ስለ አፍሪካ የነበረው ጥርጣሬ አስቀድሞ በ1950 በካምፓላ ጉባኤ ተገልጦ ነበር። በዚያ ጉባኤ አንዳንዶቹ ሊቃውንት፥ በሕፃንነቱ ደጋግሞ የታመመና ከሞት የተረፈ ሰው ሰውነቱ ወባን የመቻል ኀይል ያገኛል፤ ርጭት ጀምረን ብናቋርጥ ይህን ኀይል ያጣ ትውልድ አሳድገን ለሞት እንሰጠዋለን አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ ይህ ኀይል የሚገኘው ስንት ሕፃናት ከሞቱ በኋላ ነው? ብለው መለሱ። ሁለቱም እውነት ተናገሩ። ጉባኤው ለርጭቱ ወገን ፈረደ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ የመጣው ዕቅድ ግን አፍሪካን ዝም ብሎ አለፋት። አንድ ግብ «ከዓለም ማጥፋት» ከተባለ፥ ከዓለም ዋነኛው ምንጭ ሳይነካ ሲቀር፥ ሥጋቱ ከመንገዱ ላይ ሳይሆን ከግቡ ውስጥ ነው ያለው።

የኢትዮጵያ ነገር ለብቻው መታየት ይገባዋል። የደጋ ሰው ስለ ወባ የነበረው ዕውቀት በመጽሐፍ አልተጻፈም እንጂ ትልቅ ነበር። ቆላ ወርዶ ያረሰ ሰው ማታ ወደ ደጋው ተመልሶ ያድራል፤ ከክረምት መውጫ በኋላ ባሉት ወራት በቆላ ማደር ንዳድ እንደሚያመጣ ያውቃል። ሰፈሮች በኮረብታ ላይ የሚሠሩበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ይህ ሁሉ ሥጋትን የመመዘን ሥራ ነው፤ የተደረሰበትም በሒሳብ ሳይሆን በብዙ ሰው ሞት ነው። ነገር ግን ይህ ዕውቀት የሚያገለግለው ወባው በለመደው ከፍታ እስከ ቆየ ድረስ ብቻ ነው።

በ1958 ወባው ከለመደው ከፍታ ወጣ። በዚያ ዓመት ዝናሙ ከልማዱ በላይ በዛ፥ አየሩም ሞቀ፥ ረጠበም፤ ከሰኔ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 እስከ 2,150 ሜትር ከፍታ ባላቸው፥ 100,000 ካሬ ማይል ያህል ስፋት በነበራቸው አገሮች ወረርሽኙ ተስፋፋ። 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ተገምቷል። በዚህ ከፍታ የሚኖረው ሕዝብ ወባን የመቻል ኀይል ስላልነበረው ሕፃኑም ሽማግሌውም፥ ጐልማሳውም እኩል ወደቀ። ወሩም የመከር ወር ስለ ነበር፥ ከበሽታው የተረፈው ሰው እህሉን የሚሰበስብበት ጉልበት አልነበረውም። 150,000 የሚለው ቍጥር ግምት መሆኑም ራሱ አንድ ነገር ይነግረናል፤ የሞተውን የሚቈጥር፥ የታመመውንም ደም የሚመረምር ሰው በአብዛኛው ቦታ አልነበረም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ከተከፈተ ገና አራት ዓመቱ ነበር።

በሚቀጥለው ዓመት በ1959 የወባ ማጥፊያ አገልግሎት ተቋቋመ። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ላከ፤ የአሜሪካ መንግሥት በእርዳታና በብድር ከፍተኛውን ገንዘብ ሰጠ። አገልግሎቱ የራሱ በጀት፥ የራሱ መኪና፥ የራሱ ሠራተኞች የነበሩት፥ ከሌላው የጤና ሥራ ተለይቶ የቆመ ድርጅት ነበር። የዚህ ዓይነት አቋም ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ ትእዛዝ በፍጥነት ይወርዳል፥ ገንዘቡም ለሌላ ሥራ አይባክንም። ረጪዎቹ በጀርባቸው የመርጫ ጋን ተሸክመው በእግርና በበቅሎ፥ መኪና በማይደርስበት መንደር ሁሉ እየገቡ የቤቱን በር በቍጥር ጻፉበት። በኢትዮጵያ ገጠር መንግሥት የእያንዳንዱን ጎጆ በር የቈጠረበት ሥራ ከዚያ በፊት ስለ መኖሩ አጠራጣሪ ነው፤ ስለ አስተዳደር ታሪካችን የሚጽፍ ሰው ወደፊት ይህን ቢመለከተው ይጠቅመዋል።

ችግሩ ያለው ከርጭቱ በኋላ በሚመጣው ክፍል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ዕቅዱን በአራት ክፍል ከፍሎት ነበር፤ መሰናዶ፥ ማጥቃት፥ ማጽናትና መጠበቅ። ማጥቃት ማለት ርጭት ነው፤ ይህ የዘመቻ ሥራ ነው፥ በዘመቻ ሥርዓት ይሠራል። ማጽናት ግን ዘመቻ አይደለም። በየመንደሩ ትኵሳት የያዘውን ሰው ሁሉ የሚያገኝ፥ ከጣቱ ደም ወስዶ በመስታወት ላይ የሚቀባ፥ ወደ ላቦራቶሪ የሚልክ፥ መልሱን በጥቂት ቀን ውስጥ የሚቀበል፥ በሽተኛውንም የሚያክም ሰው ዓመቱን ሙሉ ያስፈልጋል። ይህ ሥራ የሚሠራው ጤና ጣቢያ ባለበት አገር ነው። ኢጣሊያና ግሪክ ሐኪም ነበራቸው፤ ስለዚህ ርጭቱ ሲያበቃ የቀረውን ወባ ሐኪሙ ያዘው። ዕቅዱ ግን ከኢጣሊያና ከግሪክ የተገኘውን ውጤት ወስዶ፥ ሐኪሙን እዚያው ትቶ፥ ርጭቱን ብቻ ወደ ሌላው ዓለም ላከ። በኔ አስተያየት ከስሕተቶቹ ሁሉ ትልቁ ይህ ነው። ዘግየት ብሎ፥ በ1960ዎቹ መጀመሪያ፥ ድርጅቱ ይህን ተረድቶ «ቅድመ ማጥፋት» የሚባል ፕሮግራም ፈጠረ፤ ጤና ጣቢያዎች ከርጭቱ አስቀድመው ወይም አብረው እንዲሠሩ አሳሰበ። አራት ዓመት ብቻ አለን እየተባለ ግን ጤና ጣቢያ የሚሠራበት ጊዜ ከየት ይመጣል?

የቤቱም ነገር አለ። የኢትዮጵያ ገበሬ ቤት ግድግዳው በጭቃ የተመረገ ነው፤ ጭቃ ዲዲቲን ይመጥጣል። ለዓመት በዓል ቤቱ እንደ ገና ሲመረግ ደግሞ መርዙ ከጭቃው በታች ይቀበራል። በቆላ ያለው ብዙ ሰው በመኸር ጊዜ እህል ለመጠበቅ ከዳስ ወይም ከሜዳ ያድራል፤ ዘላኑም የሚረጭ ግድግዳ የለውም። ትንኟ በበኩሏ፥ በ1960ዎቹ እንደ ታወቀው፥ አንዲት ጋምቢዬ ተብላ የተጠራችው በእውነቱ የብዙ ዓይነት ትንኞች ማኅበር ናት። በኢትዮጵያ የበዛችው አራቢየንሲስ የተባለችው ስትሆን፥ ከሰው ሌላ ከብትም ትነድፋለች፥ ከቤት ውጭም ታርፋለች። በማክዶናልድ ሒሳብ ላይ ተጨምረው ከነበሩት ሦስት ያልተጻፉ ነገሮች አንዱም እዚህ ሙሉ በሙሉ አልተገኘም።

ከኢትዮጵያ ወደ ሲሎን እንለፍ፤ የዕቅዱ ታሪክ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው በዚያ ነውና። በ1934 እና በ1935 በሲሎን 80,000 ያህል ሰው በወባ ሞቶ ነበር። የዚያ ወረርሽኝ ምክንያት ብዙ ዝናም ሳይሆን የዝናም መጥፋት ነው፤ በዚያ አገር ያለችው ትንኝ የምትራባው ወንዙ ሲጐድል ከአለት መካከል በሚቀሩት ኵሬዎች ውስጥ ነውና። በዲዲቲ ምክንያት ወባው እየቀነሰ ሄዶ በ1963 በደሴቱ በሙሉ የተገኙት በሽተኞች 17 ብቻ ሆኑ። ይህ በሐሩር አገር ከታዩት ታላላቅ ድሎች አንዱ ነበር። ርጭቱ ቆመ፤ ገንዘቡም ወደ ሌላ ሄደ። የደም ምርመራውም ላላ፤ 17 ሰው ለማግኘት በመቶ ሺሕ የሚቈጠር ደም መመርመር ለሠራተኛውም ለገንዘብ ሚኒስቴሩም ከንቱ ድካም ይመስላል። ከዚያ በኋላ ዝናም አነሰ፤ ወንዞቹም ጐደሉ፤ ዕንቍ ለመቈፈርና ጫካ መንጥሮ ለማረስ የሚዘዋወረው ሕዝብ ወባውን ከቦታ ቦታ አደረሰው። በ1968 እና በ1969 ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጥ ሰው ታመመ። መድኃኒቱን እንደ ገና ሲያነሡት ትንኟ እየለመደችው ነበር።

የሲሎን ነገር የሚያሳየው አንድ ሥጋት አለ፤ በየትኛውም የዕቅድ ወረቀት ላይ በስሙ ተጽፎ አላገኘሁትም። ይኸውም ሥራው ራሱ መሳካቱ ነው። በሽታ ሲቀንስ የሚፈራው ሰው ይቀንሳል፤ የሚፈራው ሲቀንስ በጀት የሚሰጠው ይቀንሳል። ሥጋቱም ከውጭ የመጣ አልነበረም፥ አስቀድሞም ሊታወቅ ይችል ነበር፤ የወንዙ መጕደል ወባ እንደሚያመጣ የሲሎን ሰዎች ከ1935 ጀምሮ ያውቁ ነበርና። ያንን ዕውቀት «ርጭቱን የምናቆመው በምን ዓይነት ዓመት ነው?» ወደሚል ጥያቄ የለወጠው ሰው አልተገኘም።

ስለ ገንዘቡ ረጅም ነገር መናገር አያስፈልግም። ለዓለም ጤና ድርጅት የወባ ልዩ ሒሳብ ከሚዋጣው ገንዘብ አብዛኛው ከአሜሪካ መንግሥት ይመጣ ነበር። የአሜሪካ ምክር ቤት በ1958 የአምስት ዓመት ድጋፍ ፈቀደ፤ አምስቱ ዓመት በ1963 ሲያልቅ ወባው አላለቀም ነበር። ለጋሹ «አምስት ዓመት» የሚለውን ቃል የሰማው ከራሱ ከድርጅቱ ነው፤ ስለዚህ ቅር ሊሰኙበት አይገባም። በሕንድ በነጻነት ጊዜ በየዓመቱ 75 ሚሊዮን ያህል ሰው ይታመም ነበር፤ በ1961 ቍጥሩ ከ100,000 በታች ወረደ፤ በ1976 ደግሞ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሆኖ ተመለሰ። ገንዘብ፥ የትንኟ መልመድና የጠባቂ ማነስ እያንዳንዳቸው ድርሻ አላቸው፤ ማናቸው እንደሚበልጥ በሊቃውንቱ መካከል ክርክሩ አላለቀም።

በ1969 በቦስተን የተሰበሰበው 22ኛው የዓለም ጤና ጉባኤ ዕቅዱን አረመ። ማጥፋት የመጨረሻ ግብ ሆኖ እንዲቈይ፥ ማጥፋት በማይቻልበት አገር ግን መቈጣጠር ተገቢ ሥራ እንዲሆን ወሰነ። በዚያው ዓመት በሰሜን ናይጄሪያ በጋርኪ ትልቅ ጥናት ተጀመረ፤ እስከ 1976 ባለው ጊዜ ውስጥ ርጭትና ኪኒን በአንድነት፥ ከተራ ፕሮግራም በሚበልጥ ትጋት ተሠርቶባቸው፥ መተላለፉን ሊያቋርጡት አለመቻላቸው ታወቀ። ይህ ጥናት በ1955 መሠራት የነበረበት ነው ብሎ መናገር ቀላል ነው፤ ነገር ግን በ1955 ለዚህ የሚሆን ትዕግሥት አልነበረም፥ ምክንያቱንም ከላይ ተመልክተናል።

ፍርዱ ግን ሚዛናዊ እንዲሆን ሌላውን ወገን ማየት ያሻል። አውሮፓ፥ ታይዋን፥ የካሪቢያን ብዙ ደሴቶች በዚህ ዘመን ከወባ ነጻ ወጡ። በሕንድ ከ75 ሚሊዮን ወደ 6 ሚሊዮን መውረድ፥ ከማጥፋት ግብ አንጻር ውድቀት ይባላል፤ ከሰው ነፍስ አንጻር ግን ከፍ ያለ ድል ነው። እዚህ ላይ ግቡ በቃላት የተቀመጠበት አኳኋን ራሱ ሥጋት ሆኖ ይታያል። «ማጥፋት» መካከለኛ ውጤት የለውም፤ ወይ ሁሉ ነው፥ ወይ ምንም ነው። ስለዚህ ብዙ ነፍስ ያዳነ ፕሮግራም በራሱ መለኪያ ወድቆ ተገኘ፤ ወድቋል በተባለም ጊዜ ሊቀጥል ይገባው የነበረው ገንዘብ ቀረበት። በኢትዮጵያም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ግቡ ከማጥፋት ወደ መቈጣጠር ተለወጠ፤ የድርጅቱም ስም በኋላ አብሮ ተለወጠ።

የፈንጣጣን ማጥፋት ሥራ ከዚህ ጋር ያስተያየ ሰው ብዙ ይማራል። ጉባኤው በ1966 ያንን ዕቅድ ያጸደቀው በጥቂት ድምፅ ብልጫ ነው፤ የወባው ነገር እያነከሰ መሆኑን ያዩት ካንዳውም ብዙ እምነት አልጣሉበትም። ፈንጣጣ በትንኝ አይተላለፍም፥ በሽተኛው ከሩቅ ይታወቃል፥ ክትባቱም አንድ ጊዜ ይበቃል፤ ስለዚህ ሥራው በተፈጥሮው የቀለለ ነበር። ከዚህ ሌላ ግን መሪዎቹ ከወባው የተማሩት ነገር አለ። ጥናትን ከሥራው ጋር አብረው አስኬዱ፤ ስንት ሰው ተከተበ የሚለውን ሳይሆን ስንት በሽተኛ ቀረ የሚለውን ቈጠሩ። በኢትዮጵያ ሥራው የተጀመረው በ1971 ነው፤ የመጨረሻው የኢትዮጵያ በሽተኛ የተገኘው በ1976 ነው።

ሲሎን፥ የዛሬዋ ስሪላንካ፥ በ2016 ከወባ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ፤ ይህም የሆነው በሽተኛው ከጠፋ በኋላም የምርመራውንና የጥበቃውን ሠራተኛ ስላላሰናበተች ነው። በዚያው በ2016 በኢትዮጵያ በቀብሪ ደሃር አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የእስያ ትንኝ መግባቷ ታወቀ። ይህች ትንኝ የምትራባው በረግረግ ሳይሆን በከተማ ውስጥ ባለ የውሃ ማጠራቀሚያ፥ በርሜልና ታንከር ነው፤ ስለዚህ ዝናምን አትጠብቅም። በ2022 በድሬዳዋ በበጋ ወራት በከተማውና በዩኒቨርሲቲው ግቢ ወባ ሲነሣ የተገኘችው እርስዋ ናት። በ2024 ደግሞ በኢትዮጵያ በጥር እና በጥቅምት መካከል ብቻ ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ በሽተኞች ተመዝግበዋል። የደጋ ሰው ከአባቶቹ የተማረው የከፍታና የወራት ዕውቀት፥ የወባ ማጥፊያ አገልግሎትም የወረሰው የቆላና የደጋ ካርታ፥ በከተማ መካከል በክረምትም በበጋም በሞላ በርሜል ውስጥ ስለምትፈለፈል ትንኝ የሚናገሩት ነገር የለም፤ በየቤቱ የውሃ በርሜሉን የሚመለከተው የጤና ጥበቃ ሠራተኛ ይሁን የከተማው የውሃ ክፍል፥ የማን ሥራ እንደሆነ ገና በውል መለየት አለበት።